የቤንዚን ካቦው ለምን ጨሰ?

ከቢቸና የተላከ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ካርማን ጊያ እያደሰ ነው፤ በቮልስ ሻንሲና ሞተር ላይ የስፖርት ቦዲ የለበሰችዋን ባለ ሁለት በር፣ በፈረንጆች 1969 የተሠራች። ቦዲው ከሻንሲው ተነስቶ ዝገቱ ተጠርጎ ሁለቱም ለየብቻ ተቀብተዋል፣ ከዚያም ተመልሰው ታስረዋል። ሞተርና ካምቢዮ ገብተዋል፣ የሽቦው ጥቅል ተዘርግቷል። በሮቹ፣ ወንበሮቹና የጣሪያው ጨርቅ ገና ናቸው። የቀረውን እሱ ይናገር፦

«ጋሼ፣ ቁልፉን ወደ ማስነሻ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ደጋግሜ ስሞክር የቤንዚን ፔዳሉ ካቦ ጨሰ፤ ስነካው ያቃጥላል። የፊት መብራት ሳበራ የቀኙ ይደበዝዝና ፍሬቻው አብሮ ይበራል፣ ግን አያርገበግብም። ባትሪው አዲስ ነው፣ ኔጋቲቩ ቦዲው ላይ ታስሯል፤ ሆኖም ማታ ሸራ አልብሻት በገባሁ በሁለት በሦስት ሌሊት ይሞታል። አንዱ ሞተሪኖ ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ሽቦውን በሙሉ አውጥተህ አዲስ ዘርጋ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድማለም፣ ሞተሪኖም አትግዛ፣ ሽቦም አትንቀል። መጀመሪያ ግን ቁልፉን ተወውና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ያ የጨሰው ካቦ በሻንሲው መሐል ባለው ዋሻ ነው የሚያልፈው፤ የቤንዚን ቱቦውም የሚያልፈው በዚያው ነው። ቀጭ ባለ ቁጥር እየደጋገምክ ካዞርክ ከሽቦ ችግር ወደ እሳት ትሸጋገራለህ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ካቦው መጨሱን እንደ ተጨማሪ ብልሽት ቆጥረኸዋል፤ ለእኔ ግን ከጻፍከው ሁሉ የረዳኝ እሱ ነው። የቤንዚን ካቦ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይደለም፤ ከሞተሩ እስከ ፔዳሉ የተዘረጋ ተራ የብረት ገመድ ነው። እሱ ከጋለ ኮረንቲ በውስጡ አልፏል ማለት ነው። ኮረንቲ ደግሞ በዚያ የሚያልፈው ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። በወፍራሙ ቀይ ገመድ የገባው ያ ሁሉ ኮረንቲ በዚያው መጠን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። ሞተሪኖው የታሰረው ካምቢዮው ላይ ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ በጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል ፋብሪካው ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻንሲው የሚሄድ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ማሰሪያ አድርጎበታል። ካምቢዮ ወርዶ ሲወጣ ተረስቶ መሬት የሚቀረው ዕቃ ይኸው ነው። ሳይረሳ ቢታሰርም በአዲስ ቀለም ላይ ተጠብቆ ይሆናል፤ ቀለም ከጎማ አይሻልም። ድልድዩ ሲሰበር መንገደኛ በበግ መንገድ እንደሚሾልክ፣ ኮረንቲውም በቤንዚኑና በፍሪሲዮኑ ካቦ ሾልኮ ወደ ሻንሲው ተመለሰ። ቀጭነታቸው አልችል ስላለ ጋሉ፤ ሞተሪኖውም የሚያዞረው ኃይል አጥቶ ቀጭ ብሎ ቀረ።

አንተ ጋ ሁለተኛ መሰናክልም አለ። ቦዲና ሻንሲ ለየብቻ ተቀብተው፣ በመካከላቸው የጎማ ማሸጊያ ገብቶ፣ በቡሎን ብቻ ተገናኝተዋል። የባትሪህ ኔጋቲቭ ቦዲው ላይ ነው፤ የካምቢዮው ማሰሪያ የሚደርሰው ግን ሻንሲው ላይ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን አሳምረህ ብታስረውም ኮረንቲው ከሻንሲ ወደ ቦዲ በእነዚያ በተቀቡ ቡሎኖች መሻገር አለበት። ቀለም ቀቢህ ጎበዝ ከሆነ ችግርህ የባሰ ነው!

ይህን በግምት አትቀበለኝ፣ ለካው። የባትሪ ማስነሻ ገመድ (ከመኪና ወደ መኪና ባትሪ የሚያበድሩበትን) ተዋስ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን እይ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፤ ሞተሩ ድንገት እንዳይነሳ ቦቢናው (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው ጥቅልል) ላይ 15 የሚል ቁጥር ያለበትን ጥቁር ሽቦ ንቀልና ጫፉን በናስትሮ ጠቅልል። የፈታኸውን ኔጋቲቭ መልሰህ እሰር። ከዚያ የተዋስከውን ገመድ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካምቢዮው ላይ ባዶ ብረት ፈልገህ ንከስበት። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙር። ሞተሪኖው ገፍቶ ካዞረ ጉዳዩ አለቀ፤ የጎደለው መመለሻ ነው።

ቴስተር ካለህ የትኛው መገናኛ እንደሆነም ይነግርሃል። የተዋስከውን ገመድ አንሳ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ፤ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው የኔጋቲቭ እርሳስ ራስ ላይ፣ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ ያዝ። ቀዩን በየተራ ቦዲው ላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ ካምቢዮው ላይ አድርግ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ሰው ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ቁልፉን ያዙር፤ በመካከሉ ካቦው ይቀዝቅዝ። ጤነኛ ከሆነ ከ0.3 ቮልት በታች ታነባለህ። ቦዲው ላይ 0.1 አንብበህ ሻንሲው ላይ 3 ቮልት ካገኘህ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ሻንሲው ደህና ሆኖ ካምቢዮው ላይ ከዘለለ ማሰሪያው ነው። በጩኸት የሚያሳየውን የቴስተር ክፍል ለዚህ ሥራ አትመነው፤ ከማሰሪያው አንዲት የመዳብ ክር ብቻ ብትቀርም ጢጥ ይላል፣ 100 አምፔር ግን በእሷ አያልፍም። «ለክቼዋለሁ፣ ኔጋቲቭ አለው» እያሉ ሞተሪኖ የሚያስጠቀልሉት አብዛኞቹ በዚህች ጩኸት የተታለሉ ናቸው።

ጥገናው ርካሽ ነው። ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ የቡሎኑን ራስ ወርድ ያህል ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብረቱን እስኪያበራ አውጣው። ጥርስ ያለው ራንዴላ አድርግ፤ አጥብቅ፤ ግራሶና ቀለም የምትቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው፤ ከሥሩ አይገባም። ቀለም ቀቢው ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። ለቦዲና ሻንሲው ግን ቡሎኖቹን ሁሉ ከመፋቅ ከባትሪው ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው አንድ ወፍራም ገመድ ጨምር፤ ውፍረቱ ቢያንስ ከቀዩ የሞተሪኖ ገመድ ጋር እኩል ይሁን። ፋብሪካው ባያደርገውም እኔ ቦዲው ተነስቶ በተቀባ መኪና ላይ ሁልጊዜ እጨምራለሁ። የጨሰውን ካቦ ደግሞ አውጥተህ እየው፤ ክሩ ከጠቆረ ወይም ከተበጣጠሰ ቀይረው፤ ዓባይን ስትወርድ ተይዞ የሚቀር ቤንዚን ካቦ አያድርስብህ። የፍሪሲዮኑንም አብረህ መርምር።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ቀጭ ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖው ላይ 50 የሚለውን ቀጭን ሽቦ ቁልፉ እየዞረ ለካ። ከባትሪው ንባብ ከ2 ቮልት በላይ ካነሰ ኃይሉ ከኋላ እስከ ክሩስኮት ሄዶ በአሮጌው ቁልፍ አልፎ ሲመለስ ደክሟል፤ ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ታስገባለታለህ። ሞተሪኖ መፍታት ከዚህ በኋላ ነው።

የመብራቱ ነገር የዚያው ወንድም ነው። የጀርመን መኪና በመሆኗ ሽቦዎቿ በቀለማቸው ይታወቃሉ፦ ቡናማው መመለሻው ነው፣ ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት የሚነሳው፣ ቢጫው አጭሩ መብራት፣ ነጩ ረጅሙ፣ ግራጫው ፓርኪንግ። በቀኝ በኩል የመብራቱና የፍሬቻው ቡናማ ሽቦዎች አንድ ላይ ሆነው ቦዲው ላይ የሚታሰሩበትን ቦታ ፈልግ፤ በቀለም ላይ ነው ያለው። የፊት መብራቱ ኮረንቲ እዚያ ደርሶ መውጫ ሲያጣ በፍሬቻው አምፑል ወደ ኋላ ይገባል፤ የፊትና የኋላ ቀኝ ፍሬቻ ሽቦ አንድ ስለሆነም በኋለኛው አምፑል በኩል ወደ ቦዲ ይወጣል። እውነት መሆኑን ለማየት መብራቱን አብርተህ ወደ ኋላ ሂድ፤ የኋላ መብራቶችህ ተገጥመው ከሆነ የቀኙ የኋላ ፍሬቻም በደካማው ሲበራ ታገኘዋለህ። ከዚያ ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ ጎትተህ ያንን ቡናማ መገናኛ ንካበት። መብራቱ ደምቆ ፍሬቻው ከጠፋ እዚያው ፍቀህ እሰር። የቮልስ ባለቤቶች «ፓራፋንጎውን (የጎማውን መከለያ) ፈትተህ እሰረው» ቢሉህ አትስማቸው፤ የእነሱ በቡሎን የሚታሰር ነው፣ የአንተ ከቦዲው ጋር የተበየደ ነው።

ወደ ባትሪው ልምጣ። በሮችህ አልተገጠሙም። በሩ ሲዘጋ ተጭኖ የውስጥ መብራቱን የሚያጠፋው ትንሽ ማብሪያ ማን ይጫነው? ሽቦው ከተቀጠለ መኪናዋ «በሩ ተከፍቷል» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች፤ አንተ ደግሞ ሸራ አልብሰህ ስለምትገባ አታየውም። 10 ዋት አምፑል 0.8 አምፔር ገደማ ይበላል፤ በ12 ሰዓት ወደ 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 36 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ያውም ሞተር ተነስቶ ሞልቶት በማያውቅ መኪና ላይ፣ በሦስተኛው ጠዋት ቢሞት አይገርምም። ዛሬ ማታ ሸራውን ገልጠህ እይ፤ ወይም አምፑሉን ንቀል።

እሱ ካልሆነ ሁሉንም አጥፍተህ የኔጋቲቩን ማሰሪያ አውልቅና በማሰሪያውና በባትሪው ራስ መካከል የመሞከሪያ አምፑል አግባ። ከበራ የሚጠጣ አለ። ፊዩዞቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ አምፑሉ የጠፋበት ፊዩዝ መንገዱን ያሳይሃል። ሁሉም ተነቅሎ ካልጠፋ ከዲናሞው መቆጣጠሪያ ሬጉሌተር ላይ ቢ ፕላስ የሚለውን ሽቦ ፍታ፤ ያኔ ከጠፋ የሬጉሌተሩ ፑንቲናዎች (የሚገናኙና የሚለያዩት ጫፎች) ተጣብቀው ባትሪው በዲናሞው በኩል እየፈሰሰ ነው። ሽቦው ከጎተራ አጠገብ ከርሞ ከነበረም አይጥ የላጠው ቦታ እንዳለ በእጅህ እየዳበስክ ሂድ።

ፊዩዞቹን ካነሳን ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። በተቃጠለው ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልል ጓደኛ ካለህ ከመኪናዋ አርቀው። ባልተጨረሰ መኪና ላይ አዲስ መስመር ስትሞክር በፊዩዙ ቦታ የፊት መብራት አምፑል በሽቦ ቀጥልበት፤ ሽቦው አንድ ቦታ ማሳ ካደረገ (ከቦዲው ብረት ጋር ከተነካካ) አምፑሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ሽቦህ አይቃጠልም። ቁልፉንም ሞተር ሳይነሳ ከፍተህ አትርሳው፤ በብልጭታ አከፋፋዩ ውስጥ ያለው ፑንቲና ዝግ ሆኖ ከቆመ ቦቢናው ይጋላል።

ዲናሞውን አልጠየቅከኝም፤ ግን ዓመታት የቆመ ስለሆነ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ቺንጋውን አውልቀህ ሞክረው። ሁለቱን ሽቦዎቹን ንቀል፤ ዲ ኤፍ የሚለውን ወደ ዲናሞው አካል፣ ዲ ፕላስ የሚለውን ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ አገናኝ። እንደ ሞተር ከዞረ ጤነኛ ነው፤ ያጣው ማግኔትም በዚያው ይመለስለታል። ካልዞረ ካርቦኖቹን እይ።

ፍላሸር፣ ክላክስ ወይም አምፑል ከአሮጌ ቮልስ እየፈታህ ከሆነ ላዩን አንብብ፤ ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ አንዳንድ ተራ ቮልሶች ከዚያ በኋላም በ6 ቀጥለዋል። የአንተ 12 ነው።

የካምቢዮውን ማሰሪያ አስረህ፣ ወፍራሙን ገመድ ጨምረህ፣ ቦዲ፣ ሻንሲና ካምቢዮ ላይ ያነበብካቸውን ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ። በዚያው ሁሉም ጠፍቶ መኪናዋ ቆማ ሳለ የሚታየውን የባትሪ ንባብም ጨምር፤ ከ12.2 ቮልት በታች ከሆነ መጀመሪያ ሌሊቱን ቻርጅ አድርገውና ከዚያ ለካ።