የስቱዲዮ ውበት ከመስኮቱ ይጀምራል

እህቴ፣ «ለሥዕል ሥራ ቆንጆ ስቱዲዮ መከራየት ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም አይቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሦስት ዓመት የሠራሁት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቷ ከጎረቤት ግንብ ጋር ትፋጠጣለች። ቀንም ማታም በአንድ ቢጫ አምፖል ነበር የምሥለው። አንዴ የአንድ አባት ምስል ታዘዝኩ። ማታ ሳየው ደስ አለኝ። ጠዋት ደጅ ሳወጣው ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። ቢጫ ብርሃን ሰማያዊን ያደበዝዛል፤ እኔ ሳላውቀው ሰማያዊ እየጨመርኩ ኖሯል። እንደገና ሠራሁት።

ትንሽ ገንዘብ ሳገኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ክፍል ተከራየሁ። እንዴት ያምር ነበር! ጠዋት ስነሳ እግሬ ራሱ ይወስደኝ ነበር። ይሄን ነገር በፍጹም አትናቂው። ሥራ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ክፍሉ ያስጠላውም አለ። ችግሩ መስታወቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሸራው ላይ ትወጣለች። መጋረጃ ዘግቼ ያንኑ አምፖል አበራለሁ። ኪራዩን ለመሙላት ደግሞ የማልወደውን ትእዛዝ ሁሉ መቀበል ጀመርኩ።

የአሁኑ ክፍሌ መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ሠዓሊዎች ሰሜንን የሚመርጡት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባና ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ ስለማይለዋወጥ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክረምቱን ደመናው ይጋርድልናል። ግንቦት ላይ ግን ጠዋትና አመሻሽ ላይ በሰሜኑ መስኮት ትገባለች። እኔ ነጭ አቡጀዲ እዘረጋባታለሁ፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይገባል።

ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያቸውም ስቱዲዮአቸውም የነበረውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈውታል። እኛ ተከራዮች ያን ባንችል መስኮት መምረጥ እንችላለን። ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት፤ ቀለም ያለው ግድግዳ ሸራው ላይ ያንጸባርቃል። ከሸራው አራት ሜትር ወደኋላ መራቅ የምችልበት ቦታም አለኝ። ፊት ለፊቴ የእናቴን መሶብ አስቀምጫለሁ። ለሥራው አያስፈልግም፤ ሳየው ግን መቀመጥ ያምረኛል።

ክፍል ስታዪ አንድ ጊዜ አይተሽ አትፈርሚ። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ሂጂ። የጀመርሽውን ሸራ ይዘሽ ሂጂና ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ እይው።