በጠባብ ግቢ መቀመጫና አትክልት

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለን። አበባ መትከልም፣ ከቤተሰብ ጋር የምንቀመጥበትን ማዘጋጀትም እንፈልጋለን። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ከአበባው በፊት መቀመጫውን ያስቡ። ብዙዎች ቀድመው ይተክሉና ጠረጴዛውን በተረፈው ጥግ ያጨናንቁታል። ለአራት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ፣ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ሲሳቡ ጭምር፣ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ አብዛኛው ቦታ በንጣፍ መሸፈኑ አያስቆጭዎ። ንጣፉ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ካላዘነበለ የዝናብ ውሃ ወደ መሠረቱ እየሄደ ግድግዳውን ያረጥባል፤ ይህን ኋላ ማስተካከል እጅግ አድካሚ በመሆኑ (ሥራው ሲጠናቀቅ ደግሞ ለዓይን አይታይም) ባለሙያው ሲያነጥፍ አጠገቡ ይገኙ።

ለተክል የቀረዎት ወደ ላይ ነው። ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በተወጠረ ሽቦ ላይ ሐረግ ቢያሳድጉ አየር በመካከሉ ስለሚዘዋወር ቅጠሉም ግድግዳውም አይታፈኑም። የሸክላ ማሰሮ ያምራል፤ ሆኖም ውሃ በማሰሮው ጎን ስለሚተን ከፕላስቲኩ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ግን አይግዙት። ለምሽት፣ ከራስ በላይ ከሚያንጸባርቅ አንድ ኃይለኛ አምፖል ይልቅ በተክሎቹ መካከል ዝቅ ብለው የሚቀመጡ ቢጫማ መብራቶችን እመርጣለሁ።