አዲሱ መኪናዬ ዘይት ይበላል፤ ሻጩ ደግሞ ዋስትናው ፈርሷል ይላል

ጥያቄ፦ «ከአዳማ አዲስ አበባ የምመላለስበትን መኪና አዲስ ከገዛሁት 14 ወር ሆነው። ሞተሩ 1.5 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ ነው። ካለፈው ሰርቪስ ወዲህ በ4,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ 3 ሊትር ዘይት ጨምሬያለሁ። በቅርቡ አደባባይ ስዞር ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሸጠልኝ ድርጅት ‹በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር መብላት ያለ ነው፤ ደግሞም አንድ ጊዜ ዘይት ውጭ ስላስቀየሩ ዋስትናው ፈርሷል› አለኝ። እዚህ ያሉ መካኒኮች ፋሻ ይቀየር ይላሉ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን ማንም እንዳይከፍተው። እኔ ጋራዥ ይዘውት ቢመጡ እኔም አልከፍተውም። የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት፣ ተጣብቆ ወይም ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ መካኒኮቹ ተሳስተዋል አልልም። ነገር ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አንዴ ከተነሣ በኋላ ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ ይሁን ከከፋቹ እጅ ለማስረዳት በጣም ይቸገራሉ። ዛሬ ሻጩ በቃል ፈርሷል የሚለው ዋስትና ያን ጊዜ በእርግጥ ሊፈርስ ይችላል።

ቀዩ መብራት አሳስቦኛል። ያ መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። አደባባይ ሲዞሩ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ዘይቱ ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዷል። ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ዘይት ሲያጣ ይጎዳል። መብራቱ ዳግመኛ ከበራ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። በፈጣን መንገዱ ላይ ቢሆኑም «መውጫው ድረስ ልሂድ» አይበሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ብዙ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ስለሚፈቅዱ፣ የነገሩዎት ቁጥር ፈጠራ አይደለም። ግን ያ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ጤነኛ አዲስ ሞተር የሚበላው መጠን አይደለም። የእርስዎ ሂሳብ በ1,000 ኪሎ ሜትር 0.75 ሊትር ይመጣል። ለእኔ ይህ ለ14 ወር ሞተር ብዙ ነው፤ ለሻጩ ግን ከጣሪያው በታች ነው። ይህን ልዩነት ንግግር አይፈታውም። ልኬት ይፈታዋል።

ስለዚህ የዘይት ፍጆታ ፍተሻ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቁ። ድርጅቱ መጽሐፉ የሚያዝዘውን ዘይትና አዲስ ፊልትሮ አድርጎ እስከ ከፍተኛው ምልክት ይሞላል፤ በመሙያው ክዳንና በማፍሰሻው ብሎን ላይ የቀለም ምልክት ያደርጋል፤ ኪሎ ሜትሩን በሥራ ካርዱ ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ ቅጂውን ይሰጥዎታል። አምስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሞላል። በየጉዞው ማግስት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ሁልጊዜ በሚቆምበት በዚያው ደልዳላ ቦታ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እንደገና እስከ መጨረሻው ያስገቡና ያውጡ። ዘይቱ የደረሰበትን ከኪሎ ሜትሩ ጋር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። መጽሐፍዎ በሞቀ ሞተር ለኩ ካለ እርሱን ይከተሉ፤ ዋናው ነገር አለካኩ አለመለዋወጡ ነው። በመሐል ወደ ዝቅተኛው ምልክት ከተጠጋ አይጠብቁ፤ ለድርጅቱ አሳውቀው በፊታቸው እየተለካ ይጨመር። በመጨረሻም ዘይቱን ወደ ከፍተኛው ምልክት ለመመለስ የገባው መጠን በሚሊ ሊትር ይጻፍ።

በዚህ ጊዜ ጭሱንም ያስተውሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲመጡ መንገዱ ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። በቁልቁለት ነዳጅ መስጫውን ለቀው ሲወርዱ በሞተሩ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይጨምርና ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይስባል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ ዘንግ በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) ወይም ፋሻ ይጠረጠራል። ጭስ ከሌለ ሌሊቱን ከመኪናው ሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት ጠብታ ካለበት ነገሩ ማፍሰስ ነው። የሞተሩን ትነት መልሶ የሚያስገባው ቫልቭ ተበላሽቶም እንዲህ ያለ ፍጆታ ያመጣል፤ ዋጋው ከፋሻ ሥራ ጋር አይወዳደርምና አስቀድሞ እንዲፈተሽ ይጠይቁ።

ሰዎች ወፍራም ዘይት ጨምሪበት ይሉዎታል። እባክዎ እንዳይሰሙ። ጭሱ ለጊዜው ቢቀንስ እንኳ ሻጩ የሚፈልገውን ምክንያት በእጁ መስጠት ነው።

ውጭ ስላስቀየሩት ዘይት፦ የዋስትና ደብተሩን ያንብቡ። ሰርቪስ በእነርሱ ጋራዥ ብቻ ይደረግ የሚል አንቀጽ ካለ ችግር አለብዎት፤ አልደብቅዎትም። እንዲያም ሆኖ የትኛው አንቀጽ እንደሆነና ያ ዘይት ይህን ጉድለት እንዴት እንዳመጣ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ይጠይቁ። የዘይቱን ደረሰኝ ይፈልጉ፤ ዓይነቱ፣ መጠኑና ቀኑ የታየበት ደረሰኝ ብዙ ይናገራል። ያ ዘይት ገና በሞተሩ ውስጥ ካለ ለፍተሻው ሲፈስስ በንጹሕ ጠርሙስ ጥቂት ያስቀሩ፤ «ሐሰተኛ ዘይት ነው» ከተባለ ሊመረመር ይችላል።

አቤቱታዎን በቃል ብቻ አይተዉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ እንዲያስታውቅና ክሱን ካስታወቀበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ ድርጅቱ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብሎ ማኅተምና ቀን ያድርግበት። ክስ ድረስ ከሄደ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ልኬቱ ከጣሪያው ካለፈ የኮምፕረሽን ፍተሻ (ሞተሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካ ፍተሻ) ተደርጎ ሞተሩ በእነርሱ ወጪ ይከፈት። ካላለፈ ውጤቱን ተፈርሞ ይውሰዱና ዋስትናው ሳያልቅ ፍተሻው እንዲደገም ይጠይቁ፤ 0.75 የነበረው 0.9 ከሆነ እየባሰ መሆኑ በፊርማቸው ተመዝግቧል ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ በየጉዞው ዋዜማ ዘይቱን ይዩ፤ ደረሰኝ ያለው፣ ያው ዓይነት ዘይት አንድ ሊትር ከመኪናዎ አይለይ።