ያ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም

ይድረስ የአጥንት ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁን ወደዚህ ሙያ የሳባችሁ ራጅ መሆኑን አውቃለሁ። እኔንም የሳበኝ እሱ ነው። የተሰበረ አጥንት በፕሌትና በብሎን ቀጥ ብሎ ሲታይ ልብ ይሞላል።

ስፔሻሊስት በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት ሹፌር መጣልኝ። ስብራቱ ከቅልጥሙ ታችኛው ሲሶ ላይ ነው፤ ሥጋ የሌለበት፣ ደም የሚያንሰው ቦታ። አጥርቼ ለማየት ስል አጥንቱን የለበሰውን ስስ ሽፋን ከላይ እስከ ታች ገፈፍኩት። በስብራቱ መሃል የረጋውን ጥቁር ደም በሰክሽን መጠጥኩ፣ ደጋግሜም አጠብኩት። ከዚያ ገጥሜ በብረት አሰርኩት። ራጁ ያምር ነበር። በሦስተኛው ወርም ያምር ነበር። በስድስተኛው ክፍተቱ እንዳለ ነው፤ በስምንተኛው ፕሌቱ ተሰበረ።

ራጁን ለአንድ ታላቅ ሐኪም ወሰድኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ አየና «ደሙን የት አደረስከው?» አለኝ።

ጠርጌ ያወጣሁት የጥገናውን መነሻ ነበር። በረጋው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሶች ይሰፍራሉ፤ ኒውትሮፊሎች ይቀድማሉ፣ ማክሮፌጆች ይከተላሉ። ማክሮፌጅ የሞተውን ከበላ በኋላ ጠባዩን ይቀይርና የደም ሥር የሚጠራ ፕሮቲን ይረጫል። የደም ሥርን ከውስጥ የለበሱት ሕዋሶች ጥሪውን ተከትለው ወደ ስብራቱ ያድጋሉ፤ ለአጥንት ገንቢዎቹ ኦክስጅንና ምግብ የሚደርሰውም በእነሱ ነው። እኔ ጠሪዎቹን አጠብኩ፣ መንገዱንም ገፈፍኩ።

ይህ ሁሉ ያኔ በዚህ መልክ አልታወቀም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ጀርመን ሙንስተር የሚገኙ የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በአይጥ አጥንት ውስጥ «ኤች» ያሉትን የደም ሥር ዓይነት አሳዩ። አጥንት ገንቢ ሕዋሶች ዙሪያውን ተኮልኩለው ይገኛሉ፤ አይጡ ሲያረጅ ግን የደም ሥሩ ይመናመናል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ይበልጥ ገረመኝ፦ አጥንት በላተኛው ኦስቲኦክላስት ገና ሳይጎለምስ እነዚህኑ ሥሮች የሚጠራ ፕሮቲን ያመነጫል። ኦስቲኦክላስት ደግሞ ከማክሮፌጅ ጋር ከአንድ ዘር ነው። አፍራሹ ለግንበኛው መንገድ ሲጠርግ አስቡት።

የነጭ የደም ሕዋሶችና የአጥንት ዝምድና ሁሌ ደግ አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ በያዘው ሰው ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች የሚያግዙት ብግነት ኦስቲኦክላስቱን ከልክ በላይ ያነሣሣና የመገጣጠሚያውን አጥንት ያስበላል። ስለዚህ ጣቶቿ ያበጡባት እናት ስትመጣ ራጅ ከማዘዛችሁ በፊት ጠዋት ጠዋት እጇ ምን ያህል ሰዓት እንደሚገታተርባት ጠይቋት። አጥንቱ አልገጥም ያለውን ደግሞ ሲጋራውንና የሚወስደውን ስቴሮይድ ጠይቁት።

ወጌሻን መናቅ ይቀናናል። በእርግጥ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ ደም ያቋረጠበትን የሕፃን እጅ ቆርጫለሁ፤ ያን ቀን አልረሳውም። ግን ወጌሻ ቆዳ አይከፍትም፤ የረጋው ደም ባለበት ይቆያል። በዚህ ብቻ ከእኔ ይሻል ነበር።

ሹፌሩን ድጋሚ ከፈትኩት። ከዳሌው አጥንት መቅኔ ያዘለውን ሰፍነግ መሳይ ክፍል ቆርሼ ክፍተቱ ውስጥ ሞላሁ፤ አጥንቱን ከለበሰው ሽፋን ከተረፈው አንዲት ክር አልነካሁም። ጉድጓዱን ደም ሞላው። ነርሷ ሰክሽኑን አቀበለችኝ፤ መልሼ ሰጠኋት።