የተነሳ እግርን መመለስ

ቴኳንዶ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ባሕር ዳር፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ። በበዓል ማታ ተረኛ ስሆን የተፈነከተ ጎረምሳ ሳልሰፋ አላድርም ነበር። እየሰፋሁ "በምን ተጣላችሁ?" እላለሁ። "ገፈተረኝ።" "አፈጠጠብኝ።" ይኸው ነው። ለዚህ ስምንት ስፌት!

ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ቴኳንዶ ልጀምር ሲል እናቱ "ድብድብ ሊማር ነው" ብላ ስትቆጣ፣ እኔም ከእሷ ጋር ወገንኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየሁ። ጣና ዳር፣ ሣሩ ላይ ይለማመዳሉ። አሰልጣኙ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቆመ። እጅ ተነሳሱ። አንዱ እግሩን በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ፤ የጓደኛው ጉንጭ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አደረገው። አልነካውም። "ድገም" አለው። ደገመ። "ድገም።" እግሩ እስኪንቀጠቀጥ ደጋገመው። እኔ ስሰፋቸው የኖርኩት ልጆች ያጡት ይህን ነው። መማታትማ ማን ያቅተዋል? የተነሳ እግርን መመለስ ነው ልምምድ የሚፈልገው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ትሩልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያወጣው ጥናት አለ። በጥፋት የተያዙ 34 ወንድ ልጆችን በሦስት ከፍሎ ለስድስት ወር ተከታተላቸው። ቴኳንዶን ከነሥርዓቱ፣ ከአክብሮቱና ከጽሞናው ጋር የተማሩት ጠበኝነታቸው ቀነሰ። ድብድቡን ብቻ የተማሩት ግን ባሰባቸው። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም እኔ ካየሁት ጋር ገጠመልኝ።

እንግዲህ ዋናው አሰልጣኙ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ልጅ ሲናደድበት ምን ያደርጋል? አብሮ ይጮሃል ወይስ አስቁሞ ያስተነፍሰዋል? ትንሹን ከትልቁ ጋር አጋጥሞ የሚስቅ ከሆነ ውጡ። የደረጃ ቀበቶ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ከሆነም ውጡ። በተለይ እናንተ ሴቶች ልጆቼ፣ ወላጅ ገብቶ እንዳያይ የሚከለክል ቦታ እግራችሁ አይርገጥ።

ሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሲቀርብ ኮርቻለሁ። እናንተም ብትደርሱ ደስታዬ ነው። ግን አብዛኞቻችሁ ኦሎምፒክ አትሄዱም። ታክሲ ተራ ላይ የሚገፈትራችሁ ሰው ግን ነገም ይኖራል። እኔ የምመኝላችሁ ለእሱ ቀን ነው።

አንድ የነርስ አደራ ልጨምር። ልምምድ ላይ ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ዓይናችሁ ብዥ ካለባችሁ "ደህና ነኝ" ብላችሁ እንዳትቀጥሉ። ቁጭ በሉና ለአሰልጣኛችሁ ንገሩ፤ ሰው አስከትላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የዚያ ቀን ልምምድ እዚያው አበቃ።