በአፏ ጫጩት የምትይዘው ቆሮሶ እና የሚያረግዘው የባሕር ፈረስ

ጥያቄ፦ ከጅማ ዞን ቀርሳ ወረዳ የጻፉልን አርሶ አደር እንዲህ ይላሉ፦ «ከቡናዬ በታች ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። በቀደም አንዱን ዓሣ በመረብ ሳወጣው ከአፉ ብዙ ጫጩት ተፋ። ልጆቹን እየበላ ነው? ልጄ ደግሞ ‹ወንዱ የሚወልድ ዓሣ አለ ተብለን ተምረናል፤ ይኸው እሱ ነው› ትለኛለች። ሌላው ችግሬ ዓሣው በቁጥር ይበዛል እንጂ አያድግም።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ዓሣው ልጆቹን እየበላ አልነበረም፤ ያወጧትም እናቲቱን ነው። ልጅዎ የተማረችው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ዓሣ እርስዎ ኩሬ ውስጥ የለም።

የሚያረግዘው ወንድ የባሕር ፈረስ ነው። ጭንቅላቱ የፈረስ ስለሚመስል እንዲህ ተባለ እንጂ እውነተኛ ዓሣ ነው። በቀይ ባሕርም ይኖራል፤ ጨዋማ ውኃ ስለሚፈልግ ግን በጊቤ አያገኙትም። ወንዱ ከሆዱ በታች፣ በጅራቱ መነሻ ላይ ከረጢት አለው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ታስገባለች፤ እንቁላሉ ከወንዱ ዘር ጋር የሚገናኘውም በዚያው ውስጥ ነው። ከረጢቱ ማስቀመጫ ብቻ እንዳይመስልዎ። ግድግዳው በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ለጽንሶቹ ኦክስጅን ያደርሳል፣ ምግብ ይጨምርላቸዋል፣ የጨዉንም መጠን ይቆጣጠራል። የመውለጃው ቀን ሲቃረብ የውስጡ ፈሳሽ ቀስ በቀስ የባሕሩን ውኃ እየመሰለ ይሄዳል፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ ድንገት እንዳይጎዱ።

እንደ ዝርያውና እንደ ውኃው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሸከማል። ከዚያ ምጥ ይይዘዋል፦ ሰውነቱን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ከረጢቱን እየጨመቀ ልጆቹን ያስወጣል። በትንንሾቹ ዝርያዎች ጥቂት፣ በትልልቆቹ ከ1,000 በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እሱ ሲሸከም ሴቷ ቀጣዩን እንቁላል ታዘጋጃለች፤ ስለዚህ ከወለደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዳግመኛ ሊያረግዝ ይችላል። ከተወለዱ በኋላ ግን አባትም እናትም አይጠብቋቸውም፤ አብዛኞቹ በሌሎች ፍጥረታት ይበላሉ።

ቆሮሶ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ውኃው ሞቃት ከሆነ 2 ሳምንት ገደማ ትይዛቸዋለች፤ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም ጠላት ሲመጣ ለጥቂት ቀናት ወደ አፏ ይመለሳሉ። (በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የሚኖር አንድ የቆሮሶ ዘመድ ግን እንቁላሉን በአፉ የሚይዘው ወንዱ ነው።) ከአገጯ ሥር ቆዳዋ የተወጠረ፣ መኖ ሲበተን የማትጠጋ ዓሣ ካዩ እናት ናትና በመረብ አያስጨንቋት፤ ደንግጣ ትተፋቸዋለች።

የእርስዎ ኩሬ ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። እናቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ ስለማትቀምስ አታድግም። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ጥልቀት የሌለው ኩሬ በቀን ስለሚሞቅ ቆሮሶ ይራባል፤ ጫጩቱ ጫጩት እየወለደ ኩሬው ይጨናነቃል፣ መኖውም ኦክስጅኑም አይበቃም።

እኔ የምመክርዎ ወንዶቹን ለይተው እንዲያረቡ ነው። ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል፣ ሥራውም ገንዘብ አይጠይቅም። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲሞላ በእርጥብ እጅ ይዘው ሆዱን ወደ ላይ ይገልብጡትና ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ይመልከቱ። ወንድ ከሆነ ጉብታዋ ጫፏ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አላት። ሴት ከሆነች ከጫፉ ቀዳዳ ሌላ መሐሉ ላይ አግድም የተሰነጠቀች የእንቁላል መውጫ አለች። ዓይነ ጥሩ የሆነችው ልጅዎ ብታግዝዎ ሥራው ይፈጥናል። ሴቶቹን ለምግብ ያውሏቸው ወይም ለጫጩት ማፍሪያ በሌላ ትንሽ ኩሬ ያኑሯቸው። ጫጩት እንዲበላልዎ አምባዛ መጨመርም ይቻላል፤ ነገር ግን አምባዛው ከቆሮሶዎ ያነሰ መሆን አለበት፣ ያለዚያ የሚሸጡትን ዓሣ ይጨርስብዎታል።

ኩሬው ከቡናው በታች ነው ስላሉኝ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ፦ የእሸት ቡና መፈልፈያ ፍሳሽ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ከላይ በኩል ቦይ ቆፍረው ያስቀይሱት። ፍሳሹ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣዎን በአንድ ሌሊት ሊፈጅብዎ ይችላል።