ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ኢ-ክላስ ልትገዙ ላሰባችሁ

ጀርመን ውስጥ በመካኒክነት ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእጄ ከሚያልፉት መኪኖች አብዛኞቹ የመርሴዲስ ኢ-ክላስ ናቸው። ሰሞኑን "የናፍጣውን ልግዛ ወይስ የቤንዚኑን?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ፤ እኔም ቁጭ ብዬ መለስኩ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ከነዳጅ ዋጋ በፊት የምጠይቃችሁ መኪናው በየቀኑ የት እንደሚውል ነው። መልሴ በአብዛኛው ከዚያ ይነሳል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ የ2018 ኢ 220 ዲ (ናፍጣ) እና ኢ 200 (ቤንዚን) አግኝቻለሁ። የናፍጣው በ2,500 ዩሮ ይበልጣል። ናፍጣ ስለሚረክስ ልዩነቱን ቶሎ ይመልሳል አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስቲ አብረን እናስላ። የናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር 5.8 ሊትር፣ የቤንዚኑ 8 ሊትር ይጠጣል እንበል። ናፍጣ በ1.65፣ ቤንዚን በ1.75 ዩሮ እንውሰድ። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ከነዳጅ 530 ዩሮ ገደማ ትቆጥባለህ። ደስ ይላል። ግን የዓመቱን የመኪና ግብር አትርሳ። ጀርመን ለእያንዳንዱ 100 ሲሲ የሞተር መጠን ከናፍጣ 9.50 ዩሮ፣ ከቤንዚን 2 ዩሮ ትቀበላለች። ለባለ ሁለት ሊትር (2,000 ሲሲ) ሞተር ይህ 190 እና 40 ዩሮ ነው፤ የካርቦን ክፍያው ሳይቆጠር። ስለዚህ እጅህ ላይ የሚቀረው 380 ገደማ ነው። 2,500ውን ለመመለስ ስድስት ዓመት ተኩል ይፈጅብሃል። በዓመት 30,000 የምትነዳ ከሆነ ግን በሁለት ዓመት ከጥቂት ትመልሰዋለህ።

ናፍጣ ማደያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው መንግሥት አነስ ያለ የነዳጅ ግብር ስለሚጥልበት ነው፤ በሊትር 47 ሳንቲም ገደማ። ቤንዚን ላይ 65 ነው። በአንድ እጁ የተወልህን በሌላው ይወስድብሃል። ግብሩ ብዙ የሚነዳውን ይጠቅማል፣ ትንሽ የሚነዳውን ይጎዳል። የራስህን ኪሎ ሜትር ቁጠርና ስሌቱን ድገመው።

ጥያቄ (ከማንሃይም)፦ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ከቤቴ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ናፍጣ ዕድሜው ረጅም ነው ስለሚሉኝ እሱን ልገዛ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትግዢ። ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው፤ ገንዘባቸው ሜዳ ላይ ሲቀር የማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንዳንቺ አጭር መንገድ የሚነዱ ናቸውና።

የዛሬ ናፍጣ ጭስ ማውጫው መንገድ ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው፤ ዲፒኤፍ የሚሉት። ጥቀርሻው እዚያ ይጠራቀማል። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ተጨማሪ ነዳጅ እየረጨ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርስና ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። ለዚህ ግን ሞተሩ በደንብ መሞቅ አለበት፤ ሳይቋረጥም ሃያ ደቂቃ ያህል መሄድ አለበት። ናፍጣ ደግሞ ከቤንዚን ይልቅ ለመሞቅ ይዘገያል። በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ በተለይ በጥር ብርድ፣ ገና ለብ ሳይል ታጠፊዋለሽ። ማቃጠሉን ይጀምራል፣ አይጨርስም። በማግሥቱ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ያልተቃጠለው ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል። ዘይቱ ሲቀጥን ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) እና ብረቱ ሁሉ ይጎዳል።

አንዲት ደንበኛዬ ልክ እንዳንቺ በየቀኑ አጭር መንገድ ትነዳ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ ስታመጣው የዘይቱ መጠን ከላይኛው ምልክት አልፎ ነበር። ማንም ዘይት አልጨመረበትም። የጨመረው ናፍጣው ነው። ማጣሪያውም ከመጽዳት አልፎ ነበር፤ አዲሱ ከነሥራው ከ2,000 ዩሮ በላይ አስወጣት። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም። የሸጠላት ሰው መኪናውን የት እንደምትነዳ አልጠየቃትም።

ላንቺ ኢ 200 ቤንዚን። ቤንዚንም አጭር መንገድ አይወድም፤ ግን ይችለዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አባቴ 240 ዲ ነበራቸው። ያ መኪና ሞት አያውቅም ነበር። የዛሬው ናፍጣም እንደዚያ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 240 ዲ 72 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ እንዲያውም 65። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ማጣሪያ የለው። የነዳጅ ፖምፓውን ማንኛውም ጥሩ ሠራተኛ ፈትቶ ይገጥመዋል። ዳገት ላይ ይለምን ነበር፤ ግን አይሞትም። የ2018ቱ ኢ 220 ዲ 194 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ነዳጁን የሚረጨውም ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በዚያ ግፊት ትንሽ ውሃ ወይም ቆሻሻ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይበላል። ብረቱ ዛሬም ጠንካራ ነው፤ የሚበላሸው በዙሪያው የተገጠመው ነው። ስለዚህ የአባትህን መኪና ትዝታ ይዘህ የ2018 ናፍጣ አትግዛ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሌላ ሰው)፦ እዚህ ያገለገለ ኢ-ክላስ ልገዛ ነው። ከፍታው ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የምትመርጠው አገር ውስጥ ካሉት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ እዚያ ያጣል። የድሮው ኢ 350 ቤንዚን፣ ቱርቦ የሌለው ቪ 6፣ ጀርመን ሲበር አይተኸው እንጦጦ ዳገት ላይ የምታዝንበት ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን፣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም።

ከከፍታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ነዳጁ ነው። ዩሮ 6 (ዩሮ እዚህ የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው) ናፍጣ መኪና የተሠራው በአውሮፓ ናፍጣ እንዲሄድ ነው፤ ይህም ከሚሊዮን እጅ ቢበዛ 10 እጅ ድኝ ያለው ማለት ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ጭስ የሚያጣሩትን ዕቃዎች ይገድላል። በዚያ ላይ ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመር አድብሉ የሚባል ፈሳሽ አለ። ሲያልቅ መኪናው የቀረህን ኪሎ ሜትር ይቆጥርልሃል፤ ዜሮ ሲደርስ አንዴ ካጠፋኸው አይነሳም። ማደያህ የሚሸጠውን ናፍጣ ጥራትና አድብሉ የምታገኝበትን ቦታ አረጋግጠህ እንጂ እንዲሁ አትግዛ። ካላረጋገጥክ ባለ ቱርቦ ቤንዚን ይሻልሃል።

"ማጣሪያውን አስወጥተን ኮምፒውተሩን እናታልለዋለን" የሚሉህን አትስማ። ያ ጥቀርሻ የሚገባው ከኋላህ ታክሲ ሰልፍ ላይ በቆሙት ልጆች ሳንባ ነው።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የ2014 ኢ 250 ብሉቴክ ናፍጣ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። እዚህ ናፍጣ ከቤንዚን ይወደዳል፤ ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የፌዴራሉ ግብር ራሱ በጋሎን ለቤንዚን 18.4፣ ለናፍጣ 24.4 ሳንቲም ነው። ግን ናፍጣውን ከተራው ቤንዚን ጋር አታወዳድር። የመርሴዲስ ቤንዚን ሞተር ፕሪሚየም የሚባለውን ውድ ቤንዚን ነው የሚፈልገው። ዋጋውን ከፕሪሚየም ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ ይጠባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በሃይዌይ ብዙ የምትነዳ ከሆነ ያዋጣሃል። ዲሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ በመሄድ መንገደኛ የምታመላልስበት ከሆነ ግን ለማንሃይሟ እህታችን ያልኩትን አንብብ።

አንድ ነገር ግን የግድ ጠይቅ። በ2015 የቮልስዋገን የጭስ ማጭበርበር ከወጣ በኋላ የመርሴዲስ ናፍጣዎችም ተመረመሩ፤ በ2020 የመርሴዲስ ባለቤት የነበረው ዳይምለር ወደ 250,000 ለሚጠጉ መኪኖች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማማ። በስምምነቱ መሠረት መኪኖቹ መስተካከል ነበረባቸው፤ ለተስተካከለውም በጭስ ማጣሪያ ዕቃዎቹ ላይ የተራዘመ ዋስትና ተሰጥቶት ነበር። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ወኪሉ ጋ ደውል። መደረጉን ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ።

ጥያቄ (ከሽቱትጋርት)፦ ልጄ፣ ናፍጣ ከተማ መግባት ሊከለከል ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። ላይፕዚግ ያለው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በፌብሯሪ 2018 ከተሞች መከልከል ይችላሉ ብሎ ፈረደ። እርስዎ ያሉበት ከተማ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑትን ናፍጣዎች ከለከለ። ዩሮ 6 አልተነካም። ሊገዙት ያሰቡትን መኪና ሊብሬ ይጠይቁና 14 ቁጥር ያለበትን ቦታ ይዩ፤ ዩሮ ስንት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ዩሮ 6 ከሆነ በሰላም ይንዱ። ዩሮ 5 ከሆነ እንዲገዙ አልመክርዎትም።

ጥያቄ፦ ድምፁስ? የቅንጦት መኪና ገዝቼ እንደ አይሱዙ ቢጮህብኝ ያሳዝነኛል።

መልስ፦ ጠዋት ሲነሳ ከውጭ ትሰማዋለህ። መስኮት ዘግተህ በ130 ስትሄድ አትለየውም። ልዩነቱ የሚሰማህ እግርህ ላይ ነው። የ2018ቱ ኢ 220 ዲ 400 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል አለው፤ ኢ 200 ደግሞ 300። ናፍጣው ሳይጮህ ከታች ይገፋሃል፤ ቤንዚኑ ለስላሳ ነው፣ ግን ስትጠይቀው ከፍ ብሎ ይዞራል። እኔ ረጅም መንገድ ላይ የናፍጣውን እርጋታ እወዳለሁ። ሁለቱንም ሳትነዳ አትወስን።

ጥያቄ፦ ቆየት ያለ ልገዛ ነው፤ ከ2010 እስከ 2013 ያለ። ምን ልይ?

መልስ፦ ቪ 6 ናፍጣ፣ ኢ 350 ሲዲአይ ከሆነ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን ማሸጊያ ጎማ ጠይቅ። ጎማው ርካሽ ነው። ያለው ግን በሞተሩ መሐል ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ቱርቦውን ጭምር ማውረድ ያስፈልጋል። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዘይት ካየህ እሱን ጠርጥር። ኢ 200 ሲጂአይ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ካቴና ጠርጥር፤ ይረዝማል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት አንተ ባለህበት ይነሳ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከተንኳኳ፣ ካቴናው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ በስተቀር ተወው።

ጥያቄ፦ በስህተት ናፍጣ መኪናዬ ላይ ቤንዚን ቀዳሁ። ማደያው ላይ ቆሜያለሁ!

መልስ፦ ቁልፉን አትንካ። ሞተሩን ማስነሳት ይቅርና ቁልፉን አዙረህ የዳሽቦርዱን መብራት እንኳ አታብራ፤ ያኔ የታንከሩ ፖምፓ መግፋት ይጀምራል። ናፍጣ ፖምፓውን የሚያለሰልስ ቅባት ነው፤ ቤንዚን ያጥበዋል። ገፍታችሁ ወደ ጎን አውጡት፣ ታንከሩን አፍስሶ የሚያጸዳ ሰው አስጠሩ። አሁን የምትከፍለው ጥቂት መቶ ዩሮ ነው። ካስነሳኸው ሺዎች ይሆናል።

ጥያቄ (ከማንሃይሟ ነርስ፣ ድጋሚ)፦ ባለቤቴ በወር ሁለቴ በዚሁ መኪና ሙኒክ ይሄዳል። ያ አይበቃም?

መልስ፦ ማጣሪያውን ለማጽዳት ይረዳል፤ 350 ኪሎ ሜትር አውቶባን ጥሩ ነው። በሁለቱ ጉዞ መሐል ግን ሁለት ሳምንት በ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ዘይቱ በዚያ ጊዜ ይቀጥናል። ናፍጣውን ቀድሞ ገዝቶት ከሆነ፣ መጽሐፉ ከሚለው ቀድማችሁ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሩ፤ መጠኑን በየወሩ እዩ፤ ከምልክቱ ካለፈ ሳትነዱ አምጡት። ገና ካልገዛችሁ መልሴ ያው ነው፤ ኢ 200።